አዲስ ባሬስታን በ60 የሥራ ቀናት ማሠልጠንና ማጽናት፦ ለካፌ ባለቤቶችና ለሺፍት ኃላፊዎች

ብዙ ካፌ ውስጥ አዲስ ሰው የሚሠለጥነው «እሷን እያየህ ልመድ» ተብሎ ነው። እሷ ሥራ በዝቶባታል፤ እሱ እንዳያስቸግር ዝም ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ወተት ያቃጥላል፣ ትዕዛዝ ያምታታል፤ ባለቤቱ «የዘንድሮ ልጅ ሥራ አይወድም» ይላል፤ ልጁም አንድ ቀን ስልኩን ዘግቶ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የስንፍና አይደለም። ሥራውን ከፋፍሎ፣ ምክንያቱን እየነገረ ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ባሬስታን (ማሽን ላይ ቆሞ ቡናና ማኪያቶ የሚሠራውን) ምሳሌ ያድርግ እንጂ ለአስተናጋጅ፣ ለካሸርና ለኪችን ሠራተኛም ይሆናል።

ሰውየው ከመግባቱ በፊት

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። በቀድሞው አዋጅ 377/1996 45 ተከታታይ ቀናት ስለነበር እስከ ዛሬ «አንድ ወር ተኩል» ብለው የሚያዋውሉ አሉ። ያ ሕግ መጣስ አይደለም፤ ግን ማሠልጠኛ ጊዜን በገዛ እጅ ማሳጠር ነው። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን 10 ሳምንት ይሆናል። በመሃል ሕዝባዊ በዓል ከገባ ይገፋል፤ ስለዚህ ቀኑን በግምት ሳይሆን ካላንደር ላይ ቆጥረው 60ኛውን ቀን በቀይ ያክብቡት።

የሙከራ ጊዜ የሚጸናው በጽሑፍ ከሆነ ብቻ ነው። በቃል «ለጊዜው በሙከራ ነህ» ተብሎ የገባ ሰው በሕግ ዓይን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መደበኛ ሠራተኛ ነው። ውሉ ላይ የሥራው ዓይነት፣ የሥራው ቦታ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደሚሰላ፣ መቼና እንዴት እንደሚከፈል፣ ውሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይጻፍ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ ከተዋዋሉበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ እነዚህን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለብዎት። ሌላው የሚረሳ ነገር፦ ከዚህ በፊት እርስዎ ዘንድ በዚሁ ሥራ የነበረ ሰው ተመልሶ ሲመጣ እንደገና በሙከራ መቅጠር አይቻልም።

ዋሱንና የጤና ምርመራውን ሁሉም ያስታውሳል፤ የማይታወሰው የመማሪያ ዕቃው ነው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ግራም የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን፣ የወተት ቴርሞሜትር፣ ለልምምድ ብቻ የሚሆን አንድ ጆግ (በቀለም ምልክት ያድርጉበት)፣ ልኩ የሆነ ሽርጥ፣ የሁለት ሳምንት የሺፍት ሠንጠረዥና የአሠልጣኙ ስም ዝግጁ ይሁን። አሠልጣኙ አንድ ሰው ይሁን። ጠዋት አንዷ «ወተቱን እስከ ግማሽ» ስትለው፣ ማታ ሌላው «እስከ አፉ» የሚለው ልጅ ሁለቱንም አያምንም።

የሥራ ዝርዝር ወረቀት ማዘጋጀት

ከዚህ በታች ያለው ዘዴ አዲስ አይደለም። አሜሪካ በ1940 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሞን፣ ፋብሪካዎቿ ልምድ በሌላቸው ሰዎች ሲሞሉ፣ የመስመር ኃላፊዎች በፍጥነት ማሠልጠን እንዲችሉ ያወጣችው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓኖች ወስደው አሳደጉት። ዘዴው የቆየው ቀላል ስለሆነ ነው፦ እያንዳንዱ ሥራ በሦስት ዓምድ ይጻፋል። መጀመሪያ ዋና ዋና እርምጃዎቹ፤ ቀጥሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ሥራውን የሚያሳካው ወይም የሚያበላሸው ቁልፍ ነገር፤ በመጨረሻ ቁልፉ ለምን ቁልፍ እንደሆነ።

ወረቀቱን የሚጽፈው ጎበዙ ባሬስታ ራሱ ከሆነ ብዙ ነገር ይዘላል። እጁ የሚያውቀውን አፉ አይናገረውም፤ ለእሱ ግልጽ ስለሆነ የሚነገር አይመስለውም። እሱ ይሥራ፣ እርስዎ ቆመው ይጻፉ፤ «አሁን ለምን እንዲህ አደረግክ?» እያሉ ያስቁሙት። አንድ ወረቀት ከ7 ወይም ከ8 እርምጃ በላይ ከሆነ ለሁለት ይክፈሉት።

ለማኪያቶ ወተት ማፍላትን ብንወስድ ወረቀቱ እንዲህ ይሆናል።

1. ጆጉን መሙላት። ቁልፉ፦ ወተቱ ከፍሪጅ በ4 ዲግሪ አካባቢ የወጣ ይሁን፤ የጆጉን ሲሶ ያህል፣ ቢበዛ እስከ ግማሽ። ምክንያቱ፦ ቀዝቃዛ ወተት አረፋ ለመሥራት ጊዜ ይሰጣል፤ ከግማሽ ካለፈ አረፋው ሲነሳ ይፈሳል።

2. ስቲመሩን (የማሽኑን የእንፋሎት ቱቦ) ማንፈስ። ቁልፉ፦ ወተት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለ2 ሰከንድ ያህል ወደ ጨርቅ ወይም ወደ ማፍሰሻው። ምክንያቱ፦ ቱቦው ውስጥ የቀዘቀዘው እንፋሎት ውኃ ሆኖ ይጠብቃል፤ ካልወጣ ወተቱን ያቀጥነዋል።

3. አየር ማስገባት። ቁልፉ፦ ጫፉ ከወተቱ ፊት ዝቅ ብሎ፣ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ እያሰማ፤ የጆጉ ሆድ የእጅ ሙቀት እስኪደርስ ብቻ። ምክንያቱ፦ ወተቱ ከሞቀ በኋላ የሚገባ አየር ትልልቅ አረፋ ይሆናል፤ ደንበኛው ሳሙና የመሰለ ነገር ያያል።

4. ማሽከርከር። ቁልፉ፦ ጫፉን ትንሽ ጠለቅ አድርጎ ወደ ጠርዝ፣ ወተቱ እንደ አዙሪት እንዲዞር፤ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ ማቆም። ምክንያቱ፦ ከ70 ካለፈ ጣፋጭነቱ ጠፍቶ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል፤ የተቃጠለ ወተት መመለሻ የለውም።

5. ስቲመሩን መጥረግና እንደገና ማንፈስ። ቁልፉ፦ ወዲያውኑ፣ ለዚህ ብቻ በተመደበ እርጥብ ጨርቅ። ምክንያቱ፦ እንፋሎቱ ሲዘጋ ወተት ወደ ቱቦው ይሳባል፤ ከደረቀ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ይሸታል።

6. ጆጉን መታ መታ አድርጎ እያዞሩ መቅዳት። ቁልፉ፦ ሳይዘገዩ። ምክንያቱ፦ አረፋና ወተት ከተለያዩ ማኪያቶው ከላይ ደረቅ፣ ከታች ውኃ ይሆናል።

ከዚሁ ወረቀት ግርጌ ሁለት ነገር በትልቁ ይጻፉ። አንደኛ፣ አንዴ የፈላ ወተት ተመልሶ አይፈላም። ሁለተኛ፣ የጾም ማኪያቶ ጆግና ጨርቅ ለብቻው ነው፤ ስቲመሩም ከወተት በኋላ በደንብ ካልተጠረገና ካልነፈሰ በአኩሪ አተር ወተቱ ውስጥ አይገባም። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ይህን ያጠፋ ባሬስታ ደንበኛ ያጣል፤ ያውም ለሌላው እያወራ የሚሄድ ደንበኛ።

ለልምምድ ወተት ማባከን አያስፈልግም። ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሮ በስቲመር ማፍላት እንደ ወተት አረፋ ይሠራል፤ እጅና ጆሮ በዚህ ይለመዳሉ። ምልክት ያለበት ጆግ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ከመሸጫው ጆግ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀመጥ።

ሁለተኛው ወረቀት የኤስፕሬሶው ነው። ለድርብ 18 ግራም ቡና፣ ጽዋው ውስጥ 36 ግራም አካባቢ፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ፤ ለብዙ ማሽን ይህ ጥሩ መነሻ ነው፣ ከዚያ እንደ ቡናዎ ያስተካክሉት። ሠልጣኙ በቃሉ መያዝ ያለበት ግን ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ነው። በ15 ሰከንድ ከወረደ ቡናው ሸካራ ተፈጭቷል ወይም አንሷል፤ ጣዕሙ ቀጭንና ኮምጣጣ ይሆናል። 40 ሰከንድ ካለፈ ልሟል ወይም በዝቷል፤ ይመራል። በአንድ ወገን ብቻ እየረጨ ከወረደ ቡናው ተንጋዶ ተጭኗል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፦ መፍጫውንም ግራሙንም አንድ ላይ የነካ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ሦስተኛው ወረቀት ትዕዛዝና ክፍያ ነው፤ ባሬስታውም ይማረው፣ ሰው ሲጎድል ካውንተር ይቆማልና። ቁልፉ አንድ ነው፦ በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለ ገንዘብ ገባ የሚባለው በካፌው ስልክ ወይም ሒሳብ ላይ ሲታይ እንጂ ደንበኛው ባሳየው የስክሪን ፎቶ አይደለም። ምክንያቱን ማንም ያውቀዋል፤ ግን ካልተጻፈ፣ «ደንበኛ ላለማሳፈር» ተብሎ ይታለፋል።

ማስተማሪያው አራት እርምጃ

ሰዓቱን መጀመሪያ ይምረጡ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ማስተማር የለም፤ ያኔ አዲሱ ሰው ጽዋ ያጥባል፣ ይመለከታል፣ ወተት ያቀብላል። ጥሩው ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ተኩል ወይም ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። አንድ ትምህርት ከ20 ደቂቃ አይለፍ፤ በቀን ሁለት ይበቃል።

ማዘጋጀት። ሰውየውን ያረጋጉት፤ ዛሬ የሚማረው ምን እንደሆነ ይንገሩት፤ ከዚህ በፊት የሚያውቀውን ይጠይቁት። ሌላ ካፌ የሠራ ሰው የራሱን መንገድ ይዞ ይመጣል፦ «እዚህ እንዲህ አይደለም» ብሎ ከመጫን «እዚያ እንዴት ነበር?» ብሎ አሠርቶ ማየት ይሻላል፤ አንዳንዴ የእሱ ይሻላል። ከጎኑ ይቁሙ እንጂ ፊት ለፊት አይቁሙ፤ ፊት ለፊት የተማረ እጅ ግራና ቀኙ ይገለበጥበታል።

ማሳየት። ሦስት ጊዜ ይሥሩ። በመጀመሪያው እርምጃዎቹን ብቻ እየጠሩ፤ በሁለተኛው ቁልፍ ነገሮቹን እየጨመሩ፤ በሦስተኛው ምክንያቶቹን። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚናገር አሠልጣኝ ዕውቀቱን ያሳያል እንጂ አያስተምርም።

ማሠራት። አሁን እሱ አራት ጊዜ ይሥራ። መጀመሪያ ዝም ብሎ፤ ሲሳሳት እዚያው ያስቁሙት፣ የተሳሳተ እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ ከተደገመ ይለመዳልና። ቀጥሎ እርምጃዎቹን እየተናገረ፤ ከዚያ ቁልፎቹን፤ በመጨረሻ ምክንያቶቹን። እዚህ ላይ የብዙዎቻችን አመል ሥራውን ያበላሸዋል፦ «ገባሽ?» ብለን እንጠይቃለን፣ «እሺ» ትላለች፤ አልገባኝም ማለት አለቃን ማስቸገር ይመስላታል። ስለዚህ «ገባሽ?» የሚለው ጥያቄ ይቅር። «እስቲ አሳዪኝ፤ ለምንስ ነው መጀመሪያ ያነፈስሽው?» ይበሉ።

መከታተል። ብቻውን ይተዉት፣ ግን ሲቸገር ማንን እንደሚጠይቅ በስም ይንገሩት። በመጀመሪያው ቀን በየግማሽ ሰዓቱ ብቅ ይበሉ፤ በሳምንቱ በቀን ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ እያራቁ ይሂዱ። ክትትሉን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ እንደተጣለ እንዲሰማው ያደርጋል፤ አለማቋረጥ ደግሞ እንዳልታመነ።

አሥሩን ሳምንት መከፋፈል

አንድ ወረቀት ላይ በግራ የሠራተኞችን ስም፣ ከላይ የሥራ ዝርዝሮቹን ያስፍሩና ጓዳ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። በየሳጥኑ «ብቻውን ይችላል» ከሆነ ሙሉ ክብ፣ «ሰው ቆሞለት» ከሆነ ግማሽ ክብ፣ ካልጀመረ ባዶ፤ ባዶው ሳጥን ውስጥ ደግሞ የሚማርበት ቀን። ይህ ሠንጠረዥ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀንሳል፦ ማን ምን እንደሚችል፣ ዓርብ ማታ ማሽኑን ማጠብ የሚችል አንድ ሰው ብቻ እንዳለ፣ እሷ ከታመመች ምን እንደሚሆን ሁሉም ያያል።

በሳምንት 1 ንጽሕና፣ ዕቃ ማወቅ፣ ሜኑና ዋጋ፤ በሳሙና ውኃ ወተት ማፍላት። በሳምንት 2 ኤስፕሬሶና ወተት በእውነተኛ ዕቃ፣ ጸጥ ባለ ሰዓት ብቻ። ሳምንት 3 እና 4 ማኪያቶ፣ ካፑቺኖና ሻይ በአሠልጣኝ አጠገብ። ከሳምንት 5 እስከ 7 በተጣበበ ሰዓት ሁለተኛ ሰው ሆኖ፤ ትዕዛዝና ክፍያ። ሳምንት 8 መክፈትና መዝጋት፦ ማሽን ማጠብ፣ ወተት መቁጠር፣ መፍጫ ማስተካከል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሺፍቱን በራሱ ይሠራል፤ እርስዎ ይመዝናሉ። መብራት ሲጠፋ የሚደረገውን ቀኑ እስኪመጣ አይጠብቁ፦ ማሽኑ ሲመለስ ግፊትና ሙቀቱ እስኪሞላ መጠበቅ እንዳለበት፣ ፍሪጁ የተዘጋበት ሰዓት እንደሚጻፍ በጸጥታ ሰዓት ያስተምሩት።

ስህተት ሲታይ የሚባለው

ይሉኝታ ብዙ ካፌ ጎድቷል። ኃላፊው ትንሹን ነገር ሁለት ወር ሙሉ «ይቅር» እያለ ያልፋል፣ አንድ ቀን በደንበኛ ፊት ይፈነዳል። ሠራተኛው የሚሰማው ሁለት ወር የተጠራቀመውን ቁጣ እንጂ የዛሬውን ጥፋት አይደለም። በተቃራኒው፣ በዚያው ቀን፣ ጓዳ ገባ ብሎ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ «ጠዋት አራተኛው ጠረጴዛ ላይ የሄደው ማኪያቶ ከ70 ያለፈ ነበር፤ ቴርሞሜትሩን ሳታዪ ነው የቀዳሽው። ከአሁን በኋላ እስክትለምጂ በየጆጉ እዪ፤ ነገ ከ4 ሰዓት በኋላ አብረን እናደርጋለን።» ያየሁት ምንድን ነው፣ ምን አመጣ፣ ነገ ምን እናድርግ፤ ይህ ይበቃል። «አንቺ ሁልጊዜ»ና «እናንተ ልጆች» ከዚህ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

የቴሌግራም ግሩፕ ለሺፍት፣ ለዕቃና ለማስታወቂያ ነው። ወቀሳ እዚያ ከተጻፈ ያልበደሉትም ያነቡታል፤ የበደለውም ፎቶ አንስቶ ለሌላ ካፌ ሠራተኛ ይልከዋል። ምስጋና ግን እዚያ ቢሆን ደስ ይላል፤ እሱም ቢሆን የተለየ ነገር ይጥቀስ። «ጎበዞች ናችሁ» ከሚል ጅምላ ምስጋና «ዛሬ በሰልፍ ሰዓት ካውንተሩ ደረቅ ነበር» የሚለው ይቀመጣል፣ ሰውየው ነገም ይደግመዋል።

ሰው የሚቆይበት ነገር

ስለ ማነቃቂያ ሲወራ ሽልማትና ግብዣ ይቀድማል። ከዚያ በፊት የሚሠሩ አሰልቺ ነገሮች አሉ፤ እነሱ ካልተሟሉ ግብዣው ቁጣን ነው የሚያመጣው።

ደመወዝ በተባለው ቀን ይከፈል። ትርፍ ሰዓት ይሰላ፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል መብት አለው። በአዋጁ መደበኛ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝባዊ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ነው። የሰዓት ደመወዝ ለማግኘት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። ደመወዙ 10,400 ብር ከሆነ ሰዓቱ 50 ብር ነው፤ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ትርፍ ቢሠራ 150 ብር ይጨመርለታል። ይህን ስሌት ለሠራተኛው በወረቀት ያሳዩት። ሒሳቡን ያላየ ሰው ትክክል ቢከፈለውም እንደተበላ ያስባል።

የተሰበረ ብርጭቆና የጎደለ ሒሳብ ከደመወዝ መቁረጥ የብዙ ካፌ ልማድ ነው። ሕጉ ግን ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን ብቻ ነው ይላል፤ ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ከሕጉም ውጭ አሠራሩ ራሱ አይጠቅምም፦ ብርጭቆ ሲሰበር የሚቆረጥበት ሠራተኛ ሁለተኛ ጊዜ ስብርባሪውን ይደብቃል፣ እርስዎም መደርደሪያው ጠባብ እንደሆነ አያውቁም።

ጉርሻ ከሁሉ በላይ ያጣላል። አስተናጋጅ፣ ባሬስታ፣ ኪችንና ጽዳት ስንት ስንት ድርሻ እንዳላቸው ይጻፍ፤ በየሺፍቱ መጨረሻ ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርም፤ በስልክ የሚላከው ጉርሻ ወዴት እንደሚገባም ይወሰን። አሁን ትልቁ ጭቅጭቅ እዚያ ነው፦ አስተናጋጇ በራሷ ቁጥር ትቀበላለች፣ ጽዋ ያጠበው ምንም አያይም። ጉርሻን የደመወዝ አካል አስመስሎ ማስላት ደግሞ አይገባም፤ አዋጁ ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ አይቆጥርም።

የሺፍት ሠንጠረዥ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ይውጣ። የሳምንት ዕረፍት ሳይቋረጥ 24 ሰዓት ይሁን፤ «ለሁለት ሰዓት ብቻ ብቅ በል» የተባለበት ቀን ዕረፍት አይደለም። ማታ የሚዘጉ ሠራተኞች ታክሲ ከማለቁ በፊት ይውጡ ወይም ትራንስፖርት ይመቻችላቸው። ማታ የሚማር ልጅ ካለ የጠዋት ሺፍት ቋሚ ያድርጉለት፤ ከ500 ብር ጭማሪ ይልቅ ይህ በሥራው ያቆየው ሰው ብዙ ነው። እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ሰውን የሚያቆየው ወደፊት የሚያድግበትን ደረጃ ማየት ነው፦ ከ60 ቀን በኋላ ስንት ይጨመራል፣ አሠልጣኝ ለመሆን ምን መቻል አለበት፣ አሠልጣኝ ሲሆን በወር ስንት ተጨማሪ ይከፈለዋል። ያለ ተጨማሪ ክፍያ «አንተ ጎበዝ ነህ፣ አስተምረው» የተባለ ሰው ዕውቀቱን ይቆጥባል፤ አይፈረድበትም።

ምዘናና ውሳኔ

ምዘናው በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ45ኛውና በ55ኛው የሥራ ቀን ይሁን። መመዘኛው በዓይን የሚታይና የሚቆጠር ነገር ይሁን እንጂ «ትጋት»ና «ሥነ ምግባር» የሚሉ ሰፋፊ ቃላት አይሁኑ፤ እነሱ የመዛኙን ስሜት ነው የሚለኩት። ለምሳሌ፦ አምስት ማኪያቶ በተከታታይ፣ አምስቱም ከ60 እስከ 65 ዲግሪ፤ ስድስት የተለያየ መጠጥ ያለበት ትዕዛዝ ሳይመለስ፤ ስቲመር ከየጆጉ በኋላ መጠረጉ፤ የጾም ጆግ አለመደባለቁ፤ የመዝጊያ ዝርዝሩ ያለ አስታዋሽ መጠናቀቁ፤ ስንት ቀን በሰዓቱ እንደገባ። በየጊዜው 15 ደቂቃ ቁጭ ብለው ያነጋግሩት፤ መጀመሪያ ራሱ ይመዝን፣ ከዚያ እርስዎ። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ አንድ ቅጂ ለእሱ ይሰጥ።

በ30ኛው ቀን የወደቀ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚፈተሸው ሠልጣኙ አይደለም። የሥራ ዝርዝር ወረቀቱን ይዘው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ይህ እርምጃ ተጽፏል? አራት ጊዜ እየተናገረ ሠርቶታል? ዕቃው ይሠራል? የተደፈነ ስቲመር ጎበዝ ባሬስታን ሰነፍ ያስመስላል። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ብቻ የሰውየው ጉዳይ ይሆናል፤ ያኔም ምናልባት ካውንተር የሚመቸው ሰው ይሆናል።

ውሳኔው በ55ኛው ቀን ይሰጥ። ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘን ሰው አሠሪው በሙከራ ጊዜው ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላል፤ ሠራተኛውም እንዲሁ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። የሠራበት ደመወዝ ግን በሙሉ ይከፈለዋል። 60ው ቀን አልፎ ሥራውን ከቀጠለ የቅጥሩ ዘመን ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት ይፈልጋል፤ እንደ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ፣ ይህም አገልግሎቱ እስከ አንድ ዓመት ለሆነ ሰው አንድ ወር ነው። «እስቲ ትንሽ ይታይ» እያሉ 61ኛውን ቀን ያለፉ ባለቤቶች ብዙ ናቸው።

ጽሑፎቹ ከሙከራ በኋላም ይፈለጋሉ። ሠራተኛው የችሎታ ማነስ አሳይቷል፣ ወይም የተዘጋጀለትን ሥልጠና አልወስድም ብሏል፣ ወይም ሠልጥኖም አልቻለም የሚባለው ምክንያት በአዋጁ ውስጥ አለ፤ ግን በየጊዜው በተደረገ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ አለበት። የተፈረመ ምዘና የሌለው አሠሪ ይህን ምክንያት ማንሳት ይቸግረዋል። ማርፈድም እንዲሁ ነው፦ አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈዱን ይፈልጋል፤ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ከሆነ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን። በቃል የተነገረ አሥር ጊዜ አይቆጠርም። እርምጃው ደግሞ ምክንያቱ ከታወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተወሰደ መብቱ ያልፋል።

ለጸናው ሠራተኛ በ60ኛው ቀን ደብዳቤ ይስጡ፦ አዲሱ ደመወዝ፣ የሚጀምርበት ቀን፣ ቀጥሎ የሚማረው ሥራ። በፋይሉ ውስጥ ውሉ፣ አራቱ ምዘናዎችና የፈረመባቸው የሥራ ዝርዝር ወረቀቶች ይቀመጡ። ከዚያ ወረቀቶቹን ይዘው ሠልጣኙን ራሱን ይጠይቁት፦ የትኛው እርምጃ ላይ ተቸገርክ፣ ምን ጎደለ? ሥራው ከእጁ ጋር ሳይዋሐድ፣ ገና እያንዳንዱ እርምጃ ትዝ ሲለው የሚሰጠው መልስ ከአሮጌው ባሬስታ መልስ ይበልጣል። ያስተካከሉበትን ቀን ከላይ ይጻፉ፤ ማሽን፣ መፍጫ ወይም የወተት አቅራቢ ሲቀየር ደግሞ ወረቀቱ በዚያው ሳምንት እንደገና ይሠራ።